ይግፉኝ እማማ

ቤታችን የሚመጣው ፊዚዮቴራፒስት እናቴን አያግዛትም። ይታገላታል። መዳፉን እጇ ላይ ያደርግና «ይግፉኝ እማማ! ይበሉ! አሁንም!» ይላል። እሷ ስትገፋ እሱም መልሶ ይገፋል። አክስቴ የመጀመሪያ ቀን ይህን ስታይ የያዘችውን ሲኒ አስቀምጣ «ከታመመ ሰው ጋር ምን ዓይነት ግብግብ ነው!» ብላ ቱግ አለች። ባለሙያው ልጅ ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ካልታገልኳቸው ጡንቻቸው አይሰማኝም» አላት። አላመነችውም። ቡናውን ግን አልከለከለችውም።

እናቴን ስትሮክ የመታት አምና ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ግራ እጇና ግራ እግሯ ዛሉ። ንግግሯ ቶሎ ተመለሰ፤ ተመስገን። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤቱ በሰው ተሞላ። በእኛ አገር የታመመ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ ትራስ ያስተካክላል፣ አንዱ እግር ያሻል። ውሃ ጠማኝ ከማለቷ ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ነው። ልነሳ ስትል ሁለት ሰው በብብቷ ገብቶ ብድግ ያደርጋታል። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ ክፉ ያሰበ የለም። ግራ እጇ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ጭኗ ላይ ተኝቶ ይውል ነበር።

ልጁ መጥቶ ያፈረሰው ይህንን ነው። እኔም ስለ አሠራሩ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ፒኤንኤፍ ይባላል። ስሙ ሲዘረዘር ረጅምና አሰልቺ ስለሆነ ትቼዋለሁ። ሐሳቡ ግን አሰልቺ አይደለም።

ዓይናችሁን ብትጨፍኑም አውራ ጣታችሁ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ታጥፎ ይሁን ተዘርግቶ ማንም አይነግራችሁም። ጡንቻ፣ ጅማትና መገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት ለአንጎል ያለማቋረጥ ወሬ ያቀብላሉ። ጡንቻው ምን ያህል እንደተለጠጠ፣ ክርን ምን ያህል እንደታጠፈ፣ እግር ምን ያህል ክብደት እንደተሸከመ ይናገራሉ። ስትሮክ ብዙ ጊዜ ትእዛዝ የሚወርድበትን መንገድ ብቻ ሳይሆን ይህ ወሬ የሚወጣበትንም ይጎዳል። ልጁ እናቴን ዓይኗን ያስጨፍናትና የግራ አውራ ጣቷን በቀስታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያደርጋል። «አሁን ወዴት ነው እማማ?» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን በግምት ነበር የምትመልሰው። አንዳንዴ «ነክተኸዋል እንዴ?» ትለው ነበር። እጇ መድከሙን ሁላችንም አይተናል፤ መጥፋቱን ግን ያየው እሱ ነው።

እንግዲህ የፒኤንኤፍ አካሄድ እንዲህ ነው። አንጎል ስለዚያ እጅ የሚሰማው ወሬ ካነሰ፣ በተቻለ መንገድ ሁሉ ወሬውን አብዛለት። ጡንቻውን ለጠጥ አድርገው። መገጣጠሚያውን በልኩ ሳብ ወይም ጫን አድርገው። ቆዳውን በትክክለኛው ቦታ ንካ። በድምፅ እዘዝ። እጁን በዓይኑ እንዲከተል አድርግ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ተቃወመው፤ ባዶ አየር ላይ ከሚንቀሳቀስ ጡንቻ ይልቅ የሚታገለው ያገኘ ጡንቻ ብዙ ይናገራልና።

ይህን የጀመሩት ሰዎች ታሪክ ሳነበው የሚገርም ሆኖ አገኘሁት። ኸርማን ካባት የነርቭ ሥርዓትን ያጠና አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፖሊዮና መልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልንና የአከርካሪን ነርቮች የሚጎዳ በሽታ) ያለባቸውን ሕሙማን ያክም ነበር። በዚያ ጊዜ ፖሊዮ ብዙ ሕፃናትን ሽባ የሚያደርግበት ዘመን ነው፤ ክትባቱም ገና አልመጣም። ካባት መሠረቱን የወሰደው ከእንግሊዛዊው ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። ሼሪንግተን ነርቮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ሲመረምር ኖሮ በ1932 የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሰው ነው። አንድ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው እንደሚላላ፣ የአንዱ ጡንቻ ብርቱ ሥራም ወደ ሌሎቹ እንደሚዛመት ያሳየ ነው። ካባት ይህን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ላድርገው አለ።

ገንዘቡ የመጣው ደግሞ ከመርከብ ሠሪ ነው። ሄንሪ ካይዘር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ መርከብ በፍጥነት እያመረተ ስሙ የገነነ ባለሀብት ነበር። የካይዘርን ልጅ መልቲፕል ስክለሮሲስ ያዘውና ካባት አከመው። ከዚያ በ1946 የካባት ካይዘር ተቋም ዋሽንግተን ላይ ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ካሊፎርኒያ ቫሌሆ ከተማ ላይ ሌላ ማዕከል ተጨመረ። ከታካሚዎቹ መካከል የማዕድን ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ወገባቸው የተሰበረ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበራቸው ነው የላካቸው። አንዳንዶቹ ዓመታት አልጋ ላይ ያሳለፉ ናቸው።

እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የምወዳት ማርጋሬት ኖትን ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ካባት ሐሳብ ሲያመጣ በእጇ እየሞከረች የሚሠራውንና የማይሠራውን የለየችው እሷ ናት። በኋላ ዶሮቲ ቮስ የምትባል የሙያ ባልደረባዋ ተጨመረችና በ1956 ሁለቱ ሆነው ዘዴውን በመጽሐፍ አወጡት። ከዚያ ወዲያ ከብዙ አገር ባለሙያዎች ለወራት ቫሌሆ እየሄዱ ከኖት እጅ ተማሩ። ከእጅ ነው የምለው በምክንያት ነው። ይህ ነገር በሥዕል ብቻ አይያዝም። ልጁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲማር መምህሩ መጀመሪያ እሱን አስተኝቶ እንደሠራበት ነግሮኛል። ሲገፉህ ምን እንደሚሰማህ ሳታውቅ ሰው አትገፋም።

ስለ እጅ አያያዙ ትንሽ ላውራ፤ እኔን የማረከኝ እሱ ነው። ልጁ የእናቴን ክንድ ጨብጦ አይዝም። ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ ከሥራቸው ብቻ ያጥፋቸውና አንዱን ጎን ብቻ ይነካል። እጇ ወደ ላይ እንዲሄድ ከፈለገ ከላይ ነው የሚነካው፤ ከታች አይደግፍም። «ሁለቱንም ጎን ከያዝኩ አንጎላቸው በየት በኩል እንደሚሄድ ግራ ይጋባል» አለኝ። በተነካችበት በኩል ትገፋለች፤ በቃ። ራሱም የሚቆመው እጇ በሚሄድበት መስመር ትይዩ ነው፤ ክብደቱን በእግሩ እያዛወረ አብሯት ይሄዳል። ድምፁም ይለዋወጣል። ጉልበት ሲፈልግ ይጮኻል። ዘና እንድትል ሲፈልግ ዝግ ብሎ «ይተዉት... ይተዉት...» ይላል። ጎረቤት አንዴ ጠብ መስሏቸው መጥተው ነበር።

አዲስ እንቅስቃሴ ሲያስጀምራት ደግሞ በደረጃ ነው። መጀመሪያ «ይተዉት፣ እኔ ላንቀሳቅሰው» ብሎ እጇን ደጋግሞ በመንገዱ ያመላልሰዋል። ዜማው ይገባት ብሎ ነው። ቀጥሎ «አሁን አብረን» ይላል። ከዚያ «ትንሽ ልከብድዎት ነው» ብሎ መቃወም ይጀምራል። መጨረሻ ላይ እጁን ያነሳና «እስቲ ብቻዎን» ይላታል። እዚህ ላይ የተቃውሞው ልክ ነው ቁም ነገሩ። በጣም ከከበዳት ትንፋሿን ትይዛለች፣ ፊቷ ይኮማተራል፣ እጇም ይቆማል። በጣም ከቀለላት ደግሞ ምንም አልተሠራም። የድሮዎቹ ከፍተኛ ተቃውሞ ይሉት ነበር፤ ዛሬ ተመጣጣኝ ማለት ይመርጣሉ። ልጁ ይህን ልክ በሰከንድ ውስጥ ይለዋውጠዋል። እኔ ሞክሬው አውቃለሁ፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እጅና እግር የሚሄድበት መንገድም ቀጥ ያለ አይደለም። ካባትና ኖት ያስተዋሉት ሰው በኑሮው ውስጥ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ከስንት አንዴ መሆኑን ነው። ሥራ ሁሉ አግድም አቋርጦ፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ከግራ ጎኗ ታች አንስታ በፊቷ አሳልፋ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ስትጥል፣ ትከሻዋ ይነሳል፣ ክንዷ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ መዳፏ ወደ ፊቷ ይዞራል፣ ጣቶቿ ይጨብጣሉ። ከዘዴው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ቁጭ ይህ ነው። ሌላኛው ከተቃራኒ ዳሌ ሰይፍ መዝዞ ወደ ላይና ወደ ውጭ እንደማንሳት ያለ ነው፤ ሲነሳ ጣቶች ይከፈታሉ። ልጁ ይህን ለእናቴ ሲያስረዳ የሙያ ቃል አልተጠቀመም። «ነጠላዎን ይጣሉ» አላት። ወዲያው ገባት። ደግሞ ኩራት ቢጤ ፊቷ ላይ አየሁ። ስድሳ ዓመት የሠራችው ነገር ነዋ።

በጣም የገረመኝ ግን የእግሩ ነው። በጀርባዋ አስተኝቷት ደህናውን ቀኝ እግሯን ከላይ ይዞ «ወደ ላይ ያንሱት፣ አልለቅም!» አላት። እሷ ስትታገል እኔን «እጅሽን ከግራ ተረከዛቸው ስር አድርጊ» አለኝ። አደረግሁ። ቀኝ እግሯን ባነሳች ቁጥር ግራ ተረከዟ እጄን ወደ ፍራሹ ሲጫነው ተሰማኝ። ማንም አላዘዘውም። እሷ ራሷ አላወቀችም። ሼሪንግተን የብርቱ ጡንቻ ሥራ ወደ ሌላው ይዛመታል ያለው በእናቴ ፍራሽ ላይ ሆነ። ደካማውን እግር በጠንካራው በኩል ማንኳኳት ይቻላል ማለት ነው። እርግጥ ይህ በራሱ መራመድ አይደለም። ያ እግር ግን ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ለአንድ ቤተሰብ ይህን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁሉም የሙያው ሰው ግን በመታገል አልተስማማም። ከናዚዎች ሸሽተው ለንደን ገብተው የተጋቡት ካሬልና በርታ ቦባት፣ በተመሳሳይ ዘመን ሌላ ዘዴ አሳድገዋል። እነሱ የፈሩት በስትሮክ የተጎዳ ሰው ብዙ ሲታገል ጡንቻው የበለጠ ይገተራል ብለው ነው። ለብዙ ዓመታት ብዙ ባለሙያ ይህን ስጋት ተቀብሎ ኖሯል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን በስትሮክ የደከመን ጡንቻ በተቃውሞ ማጠንከር መገተሩን እንደማያብሰው አሳይተዋል። እኔ ባለሙያ ባልሆንም በዚህ ክርክር ልቤ ወደ ኖት ያደላል።

ወደ እሷ ባደላም ግን ፒኤንኤፍ ተአምር ነው አልልም። እንዲያውም ከልጁ ጋር ብዙ የምንከራከረው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኮክሬን (ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ዓለም አቀፍ የሕክምና ተመራማሪዎች ማኅበር) ግምገማ ለስትሮክ የሚሠሩትን የፊዚዮቴራፒ ዘዴዎች ብዙ ጥናት ሰብስቦ አወዳደረ። ማገገሚያው ራሱ ይጠቅማል፤ አንዱ ዘዴ ግን ከሌላው በልጦ አልተገኘም። ባለ ስሙ ሁሉ፣ ባለ ሰርተፊኬቱ ሁሉ። ይበልጥ ሚዛን የሚደፋው የልምምዱ ብዛትና ልምምዱ ለእውነተኛው ኑሮ ያለው ቅርበት ይመስላል። መነሳት የፈለገ መነሳትን ይለማመድ፤ ኩባያ ማንሳት የፈለገ ኩባያ ያንሳ። ይህን ለልጁ ስነግረው አልተቆጣም። «ልክ ነሽ፤ ግን ጭራሽ ማንሳት የማይችል እጅ ኩባያ እንዴት ይለማመዳል? እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ኩባያው ይቀጥል» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ሙሉ በሙሉ ግን አላሳመነኝም፤ ክርክሩ እስካሁን አለ።

በነገራችን ላይ ጂም የምትሄዱ ሰዎች ይህን ዘዴ ሳታውቁት ትጠቀሙበት ይሆናል። ኳስ ተጫዋቾች በጀርባቸው ተኝተው ጓደኛቸው እግራቸውን ወደ ላይ ሲያነሳላቸው፣ እነሱ ለጥቂት ሰከንድ ወደ ታች ይገፋሉ፤ ከዚያ ላላ ሲያደርጉ እግሩ ከቅድሙ ትንሽ ርቆ ይሄዳል። ይህም ከእነ ካባትና ኖት ዘዴ የመጣ ነው። ድሮ ጅማት ውስጥ ያለ የስሜት ሕዋስ ጡንቻውን ስለሚያላላው ነው ይባል ነበር። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች ዋናው ሰውየው መለጠጡን የመቻል አቅሙ መጨመሩ ነው ይላሉ። ይሠራል፤ ማብራሪያው ነው የተለወጠው። ልጁም በእናቴ ቁርጭምጭሚት ላይ ይሠራበታል፤ ባቷ እየተገተረ ተረከዟ መሬት አልነካ ብሎ ነበርና።

አሁን ስለ ትከሻ ላውራ፤ ይህን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱም አልቀየምም። የትከሻ መገጣጠሚያ በአብዛኛው የሚያዘው በጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲዝል ክንዱ በክብደቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አጥንቱም ከቦታው ወረድ ይላል። ያንን ክንድ ይዞ መጎተት ወይም ብብት ስር ገብቶ ማንጠልጠል ለወራት የሚቆይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። እኛ ደግሞ ሰው የምናነሳው በዚያ ነው። ልጁ መጀመሪያ ያስተማረን ከፊቷ ቆመን ወገቧና ዳሌዋ አካባቢ ይዘን፣ ወደ ፊት ጎንበስ አስብለን፣ በራሷ እግር እንድትነሳ ማድረግን ነው። ስትቀመጥም ክንዷ ትራስ ላይ ይረፍ አለን። ጎረቤታችን ደግሞ ወጌሻ ላምጣ ብለው ነበር። ወጌሻ አልንቅም፤ ወለም ሲለኝ ሄጄ አውቃለሁ። ይህ ግን ወጌሻ የሚመልሰው ወለምታ አይደለም፤ ጉዳቱ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። የዛለ ትከሻን መጎተት ደግሞ የባሰ ነገር ነው። እማዬ ራሷ «ተዉ፣ የኔ ዶክተር አይፈቅድም» ብላ ገላገለችን። ዶክተር አይደለሁም ቢላት አትሰማም።

አክስቴን ያሸነፋት አንድ ልምምድ ነው። እናቴ አልጋ ጫፍ ላይ እግሯን መሬት አስነክታ ትቀመጣለች። ልጁ መዳፉን አንዱን ከትከሻዋ ፊት፣ አንዱን ከኋላ ያደርግና «አይነቃነቁልኝ!» ይላታል። ከዚያ ቀስ ብሎ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይጫናታል። እሷ እንደ ዋርካ ትተከላለች። ዓላማው ወገብና ደረቷ ሚዛን መያዝ እንዲለምድ ነው፤ ቁጭ ብሎ የማይጸና ሰው ቆሞ ሊጸና አይችልም። አክስቴ ከዳር ሆና ስታይ ቆየችና «እስቲ እኔ ልሞክራት» አለች። ልጁ እጇን አስተካከለላት፣ እንዳትቸኩል ነገራት። እህትማማቾቹ ተፋጠጡ። እናቴ አልተነቃነቀችም። አክስቴ «ይቺማ ድሮም እልኸኛ ናት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ልጁ በማይመጣበት ቀን ይህቺን የምትሠራት እሷ ናት።

ልጁ የሚመጣባቸውን ቀናት በቅርቡ ቀንሰናል። ከፊሉ ወጪው ነው፤ ቤት ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ለወር ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም። ከፊሉ ግን እሱ ራሱ ነው የጠየቀው። «እኔ ስመጣ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ አልሠራንም» አለ። ስለዚህ ቤቱን አዟዟርነው። የቲቪው ሪሞት፣ መቁጠሪያዋና የውሃ ብርጭቆዋ በግራዋ በኩል ሆነዋል። ማንም ቀድሞ አያቀብላትም። እንግዳ ሲመጣ ይጨንቀዋል፤ «ኧረ አቀብሏት!» ይላል። እኛ ዝም እንላለን፣ እሷ ትዘረጋለች። ትከሻዋና ክርኗ ደህና ሆነዋል። በዎከር (በሁለት እጅ በሚያዝ የብረት መደገፊያ) እስከ ግቢው በር ትሄዳለች፤ ልጁ ከኋላዋ ዳሌዋን ይዞ ወደ ኋላ እየሳበ «ይጎትቱኝ እንጂ!» ስለሚላት ትናደዳለች። የጣቶቿ ነገር ገና ነው። መጨበጥ ጀምረዋል፣ መክፈቱ ነው ያስቸገረው። በሚቀጥለው ሳምንት ብርጭቆውን በሰፊ ኩባያ እንቀይረው ተባብለናል።